ከጨርቅ የተሰፋ ማሕፀን፦ የማዳም ዱ ኩድሬ ሕይወትና የአዋላጅነት ሙያ ለውጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ

በሰሜን ፈረንሳይ በሩዋን ከተማ፣ በደራሲው በፍሎቤር ስም የሚጠራ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም አለ። በዚያ ከሚታዩት ቅርሶች አንዱ ከወገብ እስከ ጭን ያለውን የሴት ገላ የሚያሳይ፣ ከጨርቅና ከቆዳ ተሰፍቶ በጥጥ የተሞላ ምስል ነው። ከጎኑ አዲስ የተወለደ ልጅ የሚያህል የጨርቅ አሻንጉሊት፣ መንታ ጽንሶች፣ የእንግዴ ልጅና እትብት ተቀምጠዋል። ምስሉ በራጅ ሲታይ በውስጡ እውነተኛ የሰው የዳሌ አጥንት እንዳለ ታውቋል። የሠራችው ሴት ማሽን ትለው ነበር። በዘመኑ በብዙ የፈረንሳይ ከተሞች ይህን የመሰሉ ማሽኖች ነበሩ፤ ዛሬ ተርፎ የሚታወቀው ግን የሩዋኑ ብቻ ነው።

ሠሪዋ ሙሉ ስሟ አንጀሊክ ማርግሪት ለ ቡርሲዬ ዱ ኩድሬ ሲሆን በታሪክ የምትታወቀው ማዳም ዱ ኩድሬ በሚለው አጠራር ነው። በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትእዛዝ ሀገሪቱን እየዞረች የገጠር ሴቶችን ማዋለድ ያስተማረች አዋላጅ ነበረች። ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላል። በአንደኛው፣ በወንዶች በተያዘ የሕክምና ዓለም ውስጥ ለሴቶች ዕውቀትን ያወረሰች ጀግና ሆና ትቀርባለች። በሌላው ደግሞ የመንደር አዋላጆችን ከቦታቸው ያፈናቀለ የመንግሥትና የሐኪሞች ዘመቻ መሣሪያ ተደርጋ ትታያለች። ይህ ጽሑፍ ሕይወቷን በአጭሩ እየተረከ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ አንዲት ሴት አዋላጅ ለመሆኗ ምስክሩ ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ በማዳም ዱ ኩድሬ ዕድሜ ውስጥ ተለወጠ፤ ከለወጡት ሰዎች አንዷም እርሷ ራሷ ናት። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመንደሩ ምስክርነት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አብዛኛው የፈረንሳይ ሕዝብ ገጠር ይኖር ነበር፤ የሚወለደውም በመንደር አዋላጅ እጅ ነበር። ይህች ሴት በአብዛኛው በዕድሜ የገፋች፣ ራሷ ወልዳ ያሳደገች፣ ብዙ ጊዜም ባሏ የሞተባት ነበረች። ዕውቀቷን ያገኘችው ከእናቷ ወይም ከጎረቤቷ አጠገብ ቆማ በማየት ነው። ክፍያዋም ትንሽ ገንዘብ ወይም ከቤቱ የሚገኝ ምግብ ነበር። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የልምድ አዋላጅ የምንላትን ሴት ያየ ሁሉ ያውቃታል።

ይህች ሴት ምንም ተቆጣጣሪ አልነበራትም ማለት ግን አይደለም። ተቆጣጣሪዋ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በካቶሊክ ሥርዓት ሕፃኑ ሳይጠመቅ መሞቱ እጅግ የሚያስፈራ ነገር ስለነበር፣ ጥምቀቱም እንደ እኛ የአርባና የሰማንያ ቀን ቀጠሮ ስለማይጠብቅ፣ አዋላጅዋ በአደጋ ጊዜ ራሷ ውኃ አፍስሳ እንድታጠምቅ ተፈቅዶላት ነበር። የደብሩ ቄስ ስለዚህ የሚፈትናት በጥምቀቱ ቃልና በምግባሯ ላይ እንጂ በማሕፀን ላይ አልነበረም። በምሥራቅ ፈረንሳይ በሚገኙ አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ የደብሩ ሴቶች ተሰብስበው በቄሱ ፊት አዋላጃቸውን በድምፅ ይመርጡ ነበር። ወንዶች ብቻ በሚወስኑበት በዚያ ዘመን ሴቶች ድምፅ ሰጥተው ሹም የሚሰይሙበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። ሙያው የሚመሰከረው በወለዱትና በሚወልዱት ሴቶች አንደበት ነበር።

ፓሪስ ግን ሌላ ዓለም ነበረች። በዋና ከተማዋ አንዲት ሴት አዋላጅ ለመባል በማለች አዋላጅ ሥር ሦስት ዓመት መሥራት፣ ከዚያም በቅዱስ ኮም ማኅበር በቀዶ ሐኪሞች ፊት ቀርባ መፈተን ነበረባት። ስታልፍ ቃለ መሐላ ትፈጽማለች፤ በበሯም ላይ የሙያዋን ምልክት ትሰቅላለች። ፍርድ ቤት የእርግዝና ወይም የመደፈር ጉዳይ ሲገጥመው በባለሙያ ምስክርነት ይጠራታል። ማዳም ዱ ኩድሬ በመዝገብ ላይ ጎልታ የምትታየው በ1740 ይህን ፈተና አልፋ የፓሪስ አዋላጅ ስትሆን ነው። የልደቷ ዓመት ብዙ ጊዜ 1712 ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ ስሌት በ28 ዓመቷ ሙያዋን ጀመረች ማለት ነው። ባል ወይም የአብራኳ ልጅ እንደነበራት የሚያሳይ መዝገብ የለም። ይህ ነጥብ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይመስለኝም። የመንደሯ አዋላጅ የመጀመሪያው ምስክሯ የራሷ ምጥ ነበር፤ የዱ ኩድሬ የመጀመሪያ ምስክር ግን ፈተና ነው።

እርሷ ወደ ሙያው የገባችበት ወቅት ለፓሪስ አዋላጆች መልካም ጊዜ አልነበረም። ከ1682 ጀምሮ፣ ማለትም ቀዶ ሐኪሙ ዡልየን ክሌማን የአልጋ ወራሹን ሚስት ካዋለደ በኋላ፣ በመኳንንቱ ዘንድ ወንድ አዋላጅ መጥራት የክብር ምልክት እየሆነ ሄዶ ነበር። ፎርሴፕስ የሚባለው የማዋለጃ መቆንጠጫ በእንግሊዝ የቻምበርለን ቤተሰብ ለትውልዶች በምስጢር ይዞት ከቆየ በኋላ በ1730ዎቹ አደባባይ ወጣ፤ በፓሪስም በ1740ዎቹ መጨረሻ አንድሬ ለቭሬ አሻሻለው። መሣሪያውን የመያዝ መብት የወንዶቹ ብቻ ስለነበር፣ አስቸጋሪ ወሊድ በተነሣ ቁጥር ሥልጣኑ ወደ እነርሱ ያዘነብል ጀመር። በ1743 የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ከፀጉር አስተካካዮች ተለይቶ በንጉሡ ዘንድ ክብር አገኘ። ክብሩ የመጣው ግን ለአዋላጆቹ በሚጎዳ መንገድ ነበር፤ ማኅበሩ ሴቶችን ማስተማር ችላ አለ። በ1745 የፓሪስ አዋላጆች ተሰባስበው ለሕክምና ፋኩልቲው አቤቱታ አቀረቡ። ማንም እንደማያስተምራቸው፣ ያለ ትምህርት ፈተናውና ሙያው ባዶ እንደሚሆን ገልጸው ትምህርት ጠየቁ። ከፈራሚዎቹ አንዷ ዱ ኩድሬ ነበረች። ስለ እርሷ የሚጻፉ አጫጭር ታሪኮች ይህን አቤቱታ እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። በእኔ ግምት ግን የኋላው ሕይወቷ ሁሉ የሚከፈተው በዚህ ቁልፍ ነው። ሐኪሞች ሴቶችን ባላስተማሩ ጊዜ ሙያው ምን እንደሚሆን በዓይኗ አይታለች፤ መፍትሔውንም የፈለገችው ከእነርሱ በመራቅ ሳይሆን ከእነርሱ ትምህርትን በመጠየቅ ነው።

ማሽኑ

በ1751 ዱ ኩድሬ ፓሪስን ትታ በሀገሪቱ መካከለኛ ክፍል ወደሚገኘው ተራራማው የኦቨርኝ አውራጃ፣ ወደ ቲዬር ከተማ ሄደች። የጠራት የአካባቢው ባለ ርስት ሲሆን ሥራዋም የድሆችን ሴቶች ማዋለድና የገጠር አዋላጆችን በነፃ ማስተማር ነበር። እዚያ ያየችውን ኋላ በመጽሐፏ መግቢያ ላይ አስፍራዋለች። ያለ ጊዜያቸው እንዲያምጡ ተገድደው ኃይላቸው ያለቀ እናቶችን፣ በጉተታ አካላቸው የተጎዳ ሕፃናትን፣ ከአንድ ወሊድ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን አካለ ጎዶሎ ሆነው የቀሩ ሴቶችን አየች። እዚህ ላይ አንባቢው ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ይህን ሥዕል የሳለችው ለንጉሡና ለሹማምንቱ ነው፤ የመንደር አዋላጆች በጨለመ መጠን የእርሷ ትምህርት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖ ይታያል። ሆኖም ያየችው ሥቃይ ውሸት ነበር ለማለት ምንም ምክንያት የለም።

ያጋጠማት ችግር በዋነኛነት የማስተማሪያ ዘዴ ችግር ነበር። ተማሪዎቿ ማንበብ አይችሉም። አብዛኞቹ ከአካባቢያቸው ቋንቋ ሌላ የፓሪሱን ፈረንሳይኛ በደንብ አይሰሙም። በሬሳ ላይ ማስተማር በፓሪስ የቀዶ ሐኪሞች አዳራሽ እንጂ በተራራ መንደር የሚታሰብ አይደለም። በምታምጥ ሴት ገላ ላይ ደግሞ አንድ ስሕተት ሁለት ነፍስ ያጠፋል። መጽሐፍ የማያነብ፣ ሬሳ የማያይ፣ በሕያው ሴት ላይም ሊሳሳት የማይገባው ተማሪ በምን ይማር? መልሱ በመርፌና በክር መጣ።

ማሽኑ የአንዲትን ሴት የታችኛውን ገላ በትክክለኛ መጠን የሚያሳይ ነበር። ውስጡ በአንዳንዱ እውነተኛ አጥንት፣ በሌላው ከእንጨት ወይም ከተጎነጎነ ቀጭን ቅርንጫፍ የተሠራ የዳሌ አጥንት አለ። ቆዳው ሥጋ በሚመስል ቀለም ከተነከረ ጨርቅ የተሰፋ ነው። በማሕፀኑ አንገትና በብልቱ ዙሪያ የተሰፉ ገመዶችና ማሰሪያዎች ሲጠብቁና ሲላሉ፣ ሥጋው በምጥ ጊዜ እንዴት እንደሚለጠጥ ለእጅ ያስታውቃሉ። ውኃ የተነከሩ ስፖንጆች በተገቢው ጊዜ ሲጨመቁ የሽርት ውኃና ደም የሚመስል ፈሳሽ ይፈስሳል። አሻንጉሊቱ ሕፃን አንገቱ ይታጠፋል፣ አፉ ይከፈታል፤ ምክንያቱም ሕፃኑ በእግሩ ሲመጣ ጣትን ወደ አፉ አስገብቶ ጭንቅላቱን ማጎንበስ ተማሪዋ በእጇ መለማመድ አለባት። መምህርቷ ሕፃኑን እንደፈለገች አዙራ በማሽኑ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ተማሪዋም ሳታይ፣ በእጇ ብቻ ዳስሳ፣ በምን በኩል እንደመጣ ትናገራለች፤ ከዚያም ታወጣዋለች።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴ በክህሎት ማዳበሪያ ክፍል ውስጥ በአንድ የፕላስቲክ ዳሌ ዙሪያ ለብዙ ተሰልፈን ተራችንን እንጠብቅ ነበር። ፕላስቲኩ አይለጠጥም፣ አይረጥብም፤ ሕፃኑም የሚወጣው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነበር። የማዳም ዱ ኩድሬን ማሽን አሠራር ባነበብኩ ጊዜ በ250 ዓመት የሚቀድመን ዕቃ ከእኛው በአንዳንድ ነገር እንደሚሻል መገንዘቤ አስገርሞኛል። ዛሬ በማስመሰል መማር የምንለው ዘዴ በአዋላጅነት ትምህርት ውስጥ ረጅም ሥር አለው፤ ከዘዴው ቀዳሚዎችም አንዷ ኪስና ክር ይዛ የምትዞር ሴት ናት።

የፓሪሱ ንጉሣዊ የቀዶ ሕክምና አካዳሚ ማሽኑን መርምሮ በ1758 ይሁንታ ሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት የማዋለድ ጥበብን በአጭሩ የሚያስተምረው መጽሐፏ ታተመ። መጽሐፉ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ሲሆን የተጻፈው ለቀለም ሰዎች አልነበረም። በ1769 በወጣው እትሙ 26 ባለ ቀለም ሥዕሎች ገብተውበታል፤ በሥዕሎቹ ውስጥ የዳሌ አጥንት፣ ሕፃንና የአዋላጅዋ እጆች በተለያየ ቀለም ስለተለዩ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ እጇን የት እንደምታኖር ከሥዕሉ መረዳት ትችላለች። ምክሮቿም ቀላል ናቸው፦ ታገሺ፣ አትቸኩዪ፣ አራሷን አትተያት፣ የሞተ የመሰለውን ሕፃን ለማንቃት ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ።

መንገዱ

በጥቅምት 1759 ሉዊ 15ኛ በመላ ግዛቱ ማንም ሳያግዳት እንድታስተምርና እንድታዋልድ የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጣት። ንጉሡን ያነሣሣው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ፈረንሳይ በሰባቱ ዓመታት ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የዘመኑ ጸሐፍትም የሀገሪቱ ሕዝብ እየመነመነ ነው ብለው በብርቱ ይሰጉ ነበር። ስጋቱ የተሳሳተ ነበር፤ የሕዝቡ ቁጥር በእውነቱ እየጨመረ ሄዶ በ1789 ወደ 28 ሚሊዮን ደርሷል። ነገር ግን የተሳሳተ ስጋትም በጀት ያስመድባል። ዱ ኩድሬም ይህን ተረድታ ለሹማምንቱ ስትጽፍ የምታዋልዳቸውን ልጆች የመንግሥት ሀብት፣ የነገ ወታደርና ገበሬ አድርጋ ታቀርብ ነበር። በእናትየው ሥቃይ የማይነካ ሹም በግብር ከፋዩ ቁጥር እንደሚነካ ታውቃለች።

ከ1760 እስከ 1783 ድረስ ከ40 በላይ ከተሞችን ዞረች። አሠራሩ በየቦታው ተመሳሳይ ነበር። የአውራጃው እንደራሴ ለበታች ሹማምንትና ለደብር ቄሶች ደብዳቤ ይጽፋል፤ ቄሶቹ ማስታወቂያውን በቤተ ክርስቲያን አንብበው አንዳንድ ወጣት ሴት ይመርጣሉ፤ የተማሪዋን መኖሪያና ቀለብ ማኅበረሰቡ ወይም አውራጃው ይከፍላል። ትምህርቱ ወደ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፤ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ እስከ 100 የሚደርሱ ሴቶች ይማራሉ። ጠዋት ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተራ በተራ በማሽኑ ላይ ይለማመዳሉ። ለድሆች ወላዶች ከተጠራች ደግሞ ተማሪዎቿን ይዛ ትሄዳለች። ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ቱርጎ የሊሞዥ እንደራሴ በነበረበት ጊዜ ተቀብሏት ሥራዋን በብርቱ ደግፏል። ከተማው ትምህርቱ ሲያልቅ ማሽኑን ይገዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ዋጋው 300 ሊቭር ነው፤ ይህም ለአንድ የቀን ሠራተኛ የአንድ ዓመት ያህል ደመወዝ ማለት ነበር። አንዳንድ ከተሞች በዚህ ዋጋ ሲያጉረመርሙ ሌሎቹ እንደ ከተማ ንብረት አድርገው በማዘጋጃ ቤታቸው አኖሩት። የሩዋኑ ማሽን እስከ ዛሬ የቆየውም እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

በ1767 የወጣው ሁለተኛው ንጉሣዊ ደብዳቤ 8,000 ሊቭር ዓመታዊ ደመወዝና በጡረታ ጊዜ 3,000 ሊቭር ቆረጠላት። ለአዋላጅ ቀርቶ ለብዙ ሐኪም የማይታሰብ ገንዘብ ነበር። ከመጽሐፏ ጋር በታተመው ምስሏ ላይ የምትታየው ሞላ ያለች፣ በደንብ የለበሰች፣ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ የምታይ ሴት ናት። ሹማምንት ቃላቸውን ሲያጥፉ በደብዳቤ ትሞግታለች፤ ቤት ካልተዘጋጀላት፣ ተማሪ ካልተሰበሰበላት ወደ ከተማው አትገባም። ይህ ጠባይዋ አንዳንድ ጸሐፍትን ትዕቢተኛ አስብሏታል። ሃያ ሦስት ዓመት በሠረገላ የተጓዘች ሴት ያለ ትዕቢት አንድ ዓመት እንኳ ትዘልቅ ነበር ብዬ ግን አላምንም።

ተመራማሪዎች ራሷ ያስተማረቻቸውን ሴቶች ከ4 ሺህ እስከ 5 ሺህ ይገምቷቸዋል፤ ከእርሷ የተማሩት ሌሎች ያስተማሯቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 10 ሺህ ይጠጋል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ግን ከባድ ጥያቄ አለ። እርሷ ከሄደች በኋላ ማሽኑን ይዞ የሚያስተምረው ማን ነበር? በአብዛኛው ወንድ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ። በየከተማው ለእነርሱ ለብቻቸው አጭር ትምህርት እየሰጠች የማሽኑን አጠቃቀም ታሳያቸውና ትምህርቱን እንዲቀጥሉ ትተዋቸው ትሄድ ነበር። በ1745 ሴቶችን አላስተምርም ያለው ማኅበር አባላት አሁን በእርሷ ዕቃ የሴቶች መምህራን ሆኑ። የአዋላጅዋንም የምስክር ወረቀት የሚፈርሙት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ ታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ። ፈረንሳዊው ዣክ ዤሊስ ትኩረቱን በመንደሩ ላይ አድርጎ፣ ሙያው ከማኅበረሰቡ ሴቶች እጅ ወጥቶ በሐኪሙ ሥር መግባቱን ያጎላል። በ1998 ሰፊውን የሕይወት ታሪኳን ያሳተመችው አሜሪካዊቷ ኒና ጌልባርት ደግሞ የዱ ኩድሬን ብልሃት፣ ድርድርና ብቸኝነት ታጎላለች። ሁለቱም መከራከሪያ ማስረጃ አላቸው። ለእኔ የሚታየኝ ግን ዱ ኩድሬ ሌላ ምርጫ ያልነበራት መሆኑ ነው። የሚነበብ ፊደል፣ ቋሚ ትምህርት ቤት፣ ለማስተማር የተፈቀደላቸው በቂ ሴቶች በሌሉበት ሀገር፣ ትምህርቱ እርሷ ከወጣች በኋላ እንዳይሞት የሚያደርገው ደመወዝና ማዕረግ ያለው ሰው ብቻ ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ ደመወዝና ማዕረግ ያለው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ዕውቀቱን ለማዳን ሥልጣኑን አሳልፋ ሰጠች። ዋጋውን ታውቅ ነበር ወይ ለሚለው፣ የእህቴ ልጅ ብላ ያሳደገቻትን ማርግሪት ጊዮማንሽን በቦታዋ ለመተካት ያደረገችው ጥረት ከፊል መልስ ይሰጣል። ቢያንስ በአንድ ከተማ መምህሯ ሴት እንድትሆን አጥብቃ ፈልጋለች።

መንደሮቹም ዝም ብለው አልተቀበሉም። ቄሱ የሚልካት ወጣት ሴት አንዳንዴ ገና ያልወለደች ነበረች። ሁለት ወር ከተማ ቆይታ ወረቀት ይዛ ስትመለስ፣ ሠላሳ ዓመት ያዋለደቻቸውን አሮጊት ትተው ወደ እርሷ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው። አንዳንድ አውራጃዎች አዲሷን አዋላጅ ለማደላደል ለቤተሰቧ የግብር ቅናሽ ሰጡ። በ1786 መንግሥቱ በመላ ሀገሪቱ ስለ አዋላጆች መጠይቅ ሲልክ የተገኘው ሥዕል ወጥ አልነበረም፤ እርሷ በዞረችባቸው አካባቢዎች የተማሩ ሴቶች በርክተው ሲገኙ በሌሎች ብዙ መንደሮች ግን የቀድሞው አዋላጅ በቦታዋ ነበረች። በኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ሠልጥነው ሲመለሱ፣ በወሊድ ጉዳይ እናቶች ፊታቸውን ወደ ማን ያዞራሉ የሚለውን ያጠና ሰው ይህን የመንደር ፍጥጫ ያውቀዋል። ልዩነቱ የእኛው ፕሮግራም ሠራተኛዋን ከዚያው ቀበሌ መምረጡና ደመወዝ መቁረጡ ነው፤ በፈረንሳዩ ዘመቻ ግን ወደ መንደሯ የተመለሰችው ሴት ቋሚ ደመወዝ አልነበራትም።

ተቃውሞው ከመንደር ብቻ አልመጣም። ከ1770ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች በጥያቄና መልስ የተዘጋጁ የራሳቸውን የማዋለድ መጻሕፍት ለገጠር አዋላጆች ማሳተም ጀመሩ። ከእነዚህ በጣም የታወቀው በ1775 የወጣው የዣን ሉዊ ቦድሎክ መጽሐፍ ነው። አሻንጉሊት ላይ መማር ላይ ላዩን ነው፤ ጨርቅ ደም አያፈስም፣ አይሞትም የሚል ትችትም ተሰነዘረ። ትችቱ ፍሬ አልባ አልነበረም፤ ሁለት ወር አጭር ነው። ነገር ግን ትችቱ የሚመጣው በሆስፒታል በብዙ ወላዶች ላይ መለማመድ ከሚችሉ ሰዎች ነበር፤ ይህ ዕድል ደግሞ ለገጠር ሴት አልተሰጠም።

ቦርዶ

በ1780ዎቹ መጀመሪያ ጤናዋ እየደከመ ሄዶ ጉዞዋን አቆመችና በደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በቦርዶ ከተማ ማርግሪት አጠገብ ተቀመጠች። ማርግሪት ቀዶ ሐኪሙን ኩታንሶን አግብታ በስሙ የምትጠራ ሆና ነበር፤ በቦርዶም የአዋላጆች ትምህርት ቤትና የወሊድ ቤት ትመራ ጀመር። አብዮቱ ሲፈነዳ የንጉሡ ፊርማ ያለበት ወረቀት ሁሉ መከራ ጠሪ ሆነ። የአሮጊቷ ጡረታ ተቋረጠ፤ ያደገችበት ማዕረግም ከነምንጩ ጠፋ። ማዳም ዱ ኩድሬ ሚያዝያ 17 ቀን 1794፣ የሽብር ዘመን በሚባለው ወቅት፣ በቦርዶ አረፈች።

ከሞተች ዘጠኝ ዓመት በኋላ በመጋቢት 1803 የወጣው ሕግ የፈረንሳይን ሕክምናና አዋላጅነት በአንድነት አደራጀ። በየአውራጃው ትልቅ ሆስፒታል ለአዋላጆች ነፃ ዓመታዊ ትምህርት እንዲሰጥ አዘዘ፤ ፈተናውን የሚሰጠውም የሐኪሞች ጉባኤ ሆነ። በዚያው ሕግ አዋላጅዋ በአስቸጋሪ ወሊድ ጊዜ ሐኪም ሳትጠራ መሣሪያ እንዳትጠቀም ተከለከለች። የደብሩን ሴቶች ድምፅ የሚጠቅስ አንቀጽ በሕጉ ውስጥ የለም። በቦርዶ ማዳም ኩታንሶ ለአዋላጆች የጻፈችውን የማዋለድ መጽሐፍ በ1800 አሳትማ ነበር፤ ከሕጉ በኋላም ሴቶች በሴት መምህር ሥር የሚማሩበት የዚያ ከተማ ትምህርት ቤት ሥራውን ቀጠለ።